ጡረተኛዋ ጠላቂ

«እንፋሎት» የሚለውን ስም ያወጡላት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው። በሆስፒታሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ አንሶላ በሚያጥቡና በሚተኩሱ ትልልቅ ማሽኖች መካከል ዕድሜዋን ስለፈጀች ብቻ አልነበረም፤ ነገር ሲነካት ክዳኗን ገፍትራ ስለምትወጣም ነው። ባሏን ቀብራ ሁለት ልጆችን ለወግ ለማዕረግ ያበቃችው በዚሁ ጠባይዋ ነበር።

ጡረታ በወጣች ሰሞን ትልቁ ልጇ ቤቱ ምሳ ጠራት። ልጁ ፋርማሲስት ነው፤ እህቱ መምህርት ናት፤ ሁለቱም ገና ያልጠነከሩ ልጆች አሏቸው። ምሳው ተበላ፣ ኬክ ተቆረሰ፣ «እንኳን ለዚህ አበቃሽ» ተባለ። ከዚያ ልጇ ጣቶቹን ዘርግቶ መቁጠር ጀመረ።

«ሰኞና ማክሰኞ እኔ ጋ፤ ረቡዕና ሐሙስ አንቺ ጋ» አላት እህቱን።

«አርብስ?»

«አርብን እየተፈራረቅን።»

እንፋሎት ሹካዋን እንደያዘች አንዴ ወንዱን፣ አንዴ ሴቷን ታያለች። ሞታ እንደተወችው መሬት በቁሟ ሲከፋፈሏት ለይስሙላ እንኳ ዞር ብሎ ያያት የለም።

«ቅዳሜና እሁድንስ ለማን ሸጣችሁት?» አለች።

ልጇ ደነገጠ። «እማዬ ደግሞ! ቤት ብቻሽን ቁጭ ብለሽ እንዳይደብርሽ ብለን እኮ ነው። ታዲያ ምን ልትሠሪ ነው?»

ጥያቄው በቅንነት የተጠየቀ ነበር፤ ይበልጥ ያበገናትም ቅንነቱ ነው። መልስ ፈለገች። የመጣላት ግን ጠዋት ከአውቶቡስ መስኮት ያየችው ነገር ብቻ ሆነ፤ ወደቡ አጠገብ፣ ከጠላቂ ዋናተኞች ትምህርት ቤት ደጃፍ፣ ገመድ ላይ ተሰቅሎ ውሃ የሚያንጠባጥብ ጥቁር የጎማ ልብስ።

«ባህር ልጠልቅ ነው» አለች።

መጀመሪያ ምራቷ ናፕኪኗን አፏ ላይ አደረገች። ልጇ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ሴት ልጇ እንኳ፣ የእናቷን ፊት ማንበብ የምታውቀው፣ መቻል አቅቷት አንገቷን ደፋች። ባይስቁ ኖሮ ነገሩ እዚያው ኬኩ ላይ በቀረ ነበር። ሳቁባት እንጂ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ሰኞ ጠዋት ልጇ መኪናውን አሙቆ ሲጠብቃት እሷ ወደቡ ደርሳለች። አስተማሪው ራሱን የተላጨ፣ ፀሐይ ያከሰለው ሰው ነው፤ ከበኩር ልጇ ያንሳል። ቀና ብሎ አያትና፣ «ማንን ሊያስመዘግቡ ነው ማዘር? የልጅ ልጅዎን?» አላት።

«ራሴን። ማዘር አትበለኝ፤ አልወለድኩህም።»

«ይቅርታ። ዋና ይችላሉ?»

ልጅ ሳለች ከወንድሞቿ እኩል ወንዝ ትገባ ነበር። አንድ ቀን እናቷ ዳር ቆማ ጠራቻትና «ከእንግዲህ ሴት ሆነሻል» ብላ ከውሃው አወጣቻት። ወንድሞቿ እዚያው ሲንቦጫረቁ ቀሩ። ይኼ ነገር እንደ እሾህ ውስጧ ቀርቶ ይወጋታል፤ ለማንም ግን ነግራ አታውቅም።

«ወንዝ ነው ያስተማረኝ» አለችው። «ካላመንክ ገንዳህን አሳየኝ።»

አሳያት። አንገቷን ቀና አድርጋ፣ በጎኗ ተኝታ፣ ከዳር እዳር ተመላለሰች። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ ክንዷ እየዛለ፣ ግን ሳትቆም። አስተማሪው ፎጣ እያቀበላት «አያምርም» አለ። «አይሰምጡም ግን። ሐኪም ይይዎትና እንጀምራለን።»

ሐኪሙ ደረቷን አዳመጠ፣ ጆሮዋን በመብራት አየ፣ አስነፋት፣ አስሮጣት። በመጨረሻ «ልብዎ የወጣት ልብ ነው፤ ጉልበትዎ ግን የራስዎ ነው» ብሎ ፈቀደላት።

አብራት የምትማረው አንዲት ጉብል የባንክ ሠራተኛ ነበረች። ውሃ ውስጥ ማንም ብቻውን አይገባምና ሁለቱን አጣመሯቸው። የጎማ ልብሱን ለማልበስ ልጅቱ ከኋላ እየገፋች፣ እንፋሎት ከፊት እየጎተተች፣ ትልቅ ትራስ በትንሽ ጨርቅ ውስጥ እንደማስገባት ያለ ትግል ሆነ። «እትዬ፣ ትንሽ ሆድዎን ይሳቡልኝ» ስትላት፣ «ስቤው ነው እኮ እንዲህ የሆነው!» አለች። ሁለቱም መሬት ላይ ተቀምጠው ሳቁ።

ሌላው ሌላው ቀለላት። ከሲሊንደሩ አየር መሳቡን፣ በእጅ ምልክት መነጋገሩን፣ ከሁሉ በላይ ትንፋሽን ፈጽሞ አለመያዝን ቶሎ ለመደች። ያቃታት አንድ ነገር ነው። ገንዳው ሥር ተንበርክኮ አፍንጫን ጭምር የሚሸፍነውን መነፅር ማውለቅ፣ መልሶ ማድረግና በአፍንጫ አየር ነፍቶ የገባውን ውሃ ማስወጣት። መነፅሩን ባወለቀች ቁጥር ውሃው አፍንጫዋን ይሞላል፣ ዓለም ይዞርባታል፣ ከዚያ እግሬ አውጪኝ ብላ ወደ ላይ ትስፈነጠራለች። ሞከረች፤ ደገመች፤ ሠለሰች። ያው ነው።

አስተማሪው ገንዳው ጠርዝ ላይ አጠገቧ ተቀመጠ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እዚህ ከሦስት ሰው ቁመት በማይበልጥ ጥልቀት እንዲህ ወደ ላይ ከተሯሯጡ፣ ባህር ላይ ሳንባዎን ይጎዳሉ። እውነቴን ነው። ለእንግዶች የምናደርገው ነገር አለ፤ መማር ሳያስፈልግዎ፣ እጅዎን ይዤ ጥቂት ወርደን ዓሣ አይተን እንመለሳለን። ፎቶም እናነሳዎታለን» አላት።

ሰውዬው ክፉ አልነበረም። እሷም ይህ ገብቷታል።

«ስማ» አለችው። «እጄን ተይዤ የሄድኩት መንገድ ሞልቷል። ይሄኛውን ራሴ ነው የምሄደው። ካልቻልኩ አልችልም በለኝ፤ ፎቶ ግን አታንሳኝ።»

«ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ፣ እንሞክር እሺ» አለ።

ቤቷ ስትገባ ትልቁን የልብስ መዘፍዘፊያ ሳፋ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አውጥታ ውሃ ሞላችው። የላስቲክ ቱቦ አንዱን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ፣ ሌላውን ከሳፋው ውጪ አድርጋ፣ ፊቷን ዘፈቀች። አፍንጫዋ ክፍት፣ ዓይኗ ክፍት። በአፍ መሳብ፣ በአፍንጫ መንፋት። ታንቃ ትወጣለች፣ ትረግማለች፣ ትመለሳለች። ጠዋትም ማታም ይኸው ሆነ ሥራዋ።

በዚህ መሃል ልጇ ቢደውል ቢደውል ስልክ አላነሳ ስትለው በራሱ ቁልፍ ከፍቶ ገባ። እናቱ ጠረጴዛ ላይ ተደፍታ፣ ራሷ ሳፋ ውስጥ ነው።

«እማዬ!» ብሎ በጩኸት ትከሻዋን ይዞ ሲያነሳት ቱቦው ካፏ ወጥቶ ሁለቱንም በውሃ አጠባቸው።

«ምን ሆነሃል አንተ! አሁን ገና ሊመጣልኝ ነበር!»

ልጇ ወንበር ላይ ዘጭ አለ። ድንጋጤው ሲለቀው ቁጣ ተካው። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲባል አልሰማሽም? በዚህ ዕድሜሽ! ሰው ምን ይላል? አንድ ነገር ብትሆኚስ? ልጆቹንስ ማን ይይዛል?»

የመጨረሻው ጥያቄ ካፉ እንደወጣ እሱም ሰማው። ከንፈሩን ነከሰ።

እንፋሎት ፊቷን በቀሚሷ ጠረገች። «ልጆቹ አባትና እናት አሏቸው» አለች። «እኔ አንተን ሳሳድግ ተራ የሚይዝልኝ አልነበረም። አልቆጨኝም፤ ወድጄ ነው ያሳደግኩህ። የልጅ ልጆቼንም ወድጄ ነው የማያቸው። ረቡዕ ረቡዕ አምጣቸው፤ ደስ ይለኛል። ሌላው ቀን የኔ ነው። ስታስፈልገኝ አንተን እጠራሃለሁ እንጂ፣ ለእኔ እንደ ሞግዚት የሥራ ሰዓት አታወጣልኝም።»

«እልኸኛ ነሽ።»

«ከማን ወረስከው ታዲያ?»

በሩን ዘግቶ ወጣ። ረቡዕ ልጆቹን አላመጣቸውም፤ የሚቀጥለውም ረቡዕ አለፈ። ሴቷ የልጅ ልጇ ጫማዋን በተቃራኒ እግር አድርጋ ስትሮጥ ዓይኗ ላይ ይመጣባትና ስልኩን ታነሳለች። ቁጥሩን ሳትጨርስ መልሳ ታስቀምጠዋለች። ከደወለች እንደምትሸነፍ ታውቃለች። ከሳፋው ጋር ባሳለፈችው በዚያ ሰሞን፣ ፊቷ ላይ ያለው ውሃ ሁሉ የቧንቧ ውሃ አልነበረም።

የቀጠሮው ቅዳሜ ሲደርስ ግን ገንዳው ሥር ተንበረከከች። መነፅሩን አወለቀች። ውሃው አፍንጫዋን ሞላው፤ ልቧ ደረቷን ደበደበው። አልተነሳችም። ሳበች፣ ነፋች፣ ሳበች። መነፅሩን መልሳ አጥልቃ፣ በአፍንጫዋ አየር ነፍታ ባዶ አደረገችው። አስተማሪው ፊት ለፊቷ ተንበርክኮ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን ገጥሞ «ደህና ነን?» የሚለውን ምልክት አሳያት። እሷም መለሰችለት። ገንዳው ዳር የባንክ ሠራተኛዋ እልልታዋን ለቀቀችው።

የባህሩ ቀን ጀልባዋ ትንሽ ትናወጥ ነበር። እንፋሎት ሲሊንደሩን አዝላ፣ እንደ ዳክዬ እግር የተዘረጋውን የጎማ ጫማ አድርጋ፣ ከጀልባው ጠርዝ አንድ ትልቅ እርምጃ ወደ ባዶ ተራመደች።

መውረድ ሲጀምሩ ጆሮዋን በወስፌ የወጉት መሰላት። እንደ ልማዷ ገፋች። ሕመሙ ጠና። አስተማሪው እጁን አንስቶ «ትንሽ ወደ ላይ» አላት። ራሷን ነቀነቀች። እንደገና በምልክት ነገራት፤ ቁጣ የለበትም፣ ችኮላም የለበትም። ሰው ገፍታ ታውቃለች፣ ማሽን ገፍታ ታውቃለች፤ ባህሩ ግን የሚገፋ አልሆነም። ከፍ አለች፣ አፍንጫዋን ይዛ ቀስ አድርጋ ነፋች፤ ጆሮዋ ጯ ብሎ ተከፈተ። ከዚያ ገመዱን ይዛ፣ እየነፋች፣ በራሷ ፍጥነት ወረደች። የባንክ ሠራተኛዋ ታች ቆማ ጠበቀቻት።

ሥሩ አሸዋ ነበር። አሸዋው ላይ አንድ ጠፍጣፋ ዓሣ ራሱን ቀብሮ፣ ሁለት ዓይኖቹን ብቻ አውጥቶ፣ ማንም ያየው ሳይመስለው ተኝቷል። አንዱ ዓይኑ ዞረና እሷን አየ። ሌላውም ዞረ። ሳቋ መጣ። ስትስቅ ጉንጯ ተነሥቶ መነፅሩ ውሃ አስገባ፤ እሷም ሳታስበው፣ ልክ ንፍጥ እንደመናፈጥ፣ ውሃውን ነፍታ አወጣችውና ዓሣውን ማየቷን ቀጠለች። ምን እንዳደረገች የገባት ጀልባ ላይ ከወጣች በኋላ ነው።

ፎቶዋ ያለበት የጠላቂነት መታወቂያ ሲመጣ መጀመሪያ የደወለችው ለሴት ልጇ ነው። «እማ፣ እውነት አለፍሽ? ላኪልኝ እስቲ፤ መምህራን ክፍል የማላሳየው ሰው የለም!» አለች። ወንድ ልጇ ግን ዝር አላለም። እንፋሎትም የራሷን መነፅር ገዛች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከባንክ ሠራተኛዋና ከሌሎች ጠላቂዎች ጋር ወደቡ ዳር ካለው መሰላል እየተነሳች ባህር መግባት ጀመረች።

በአንዱ ቅዳሜ ከውሃ ብቅ ስትል ልጇን አየችው። ሁለቱን ልጆች፣ ሴቷንና ትንሽ ወንድሟን፣ በግራና በቀኝ ይዞ መሰላሉ አናት ላይ ቆሟል። ሚስቱ ሥራ ገብታ መላው እንደጠፋበት ፊቱ ይናገራል። ልጅቱ ጥቁሩን ፍጡር አይታ አባቷ እግር ሥር ተደበቀች፤ መነፅሩ ሲወልቅ ግን «አያቴ ናት!» ብላ ዘለለች።

«ጨረስሽ?» አለ ልጇ። «መኪናው ውጪ ነው።»

እንፋሎት ጉንጩን በእርጥብ እጇ ነካ አደረገችው። «አልጨረስኩም። ትንሽ አርፈን እንደገና እንገባለን።»

«እንደገና?»

«እንደገና። አግዳሚው ጥላ አለው፤ እዚያ ተቀመጡ። የትንሹን ልጅህን እጅ እንዳትለቅ፤ ውሃ ካየ ዘሎ ይገባል።»

ሊናገር አፉን ከፈተ። ልጅቱ ቀደመችው። «አያቴ፣ ታች ምን አለ?»

እንፋሎት ሲሊንደሯን አስቀምጣ ቁጢጥ አለችና ነገረቻት፤ ድንጋይ መስሎ ስለተቀመጠው ባለ ስምንት እግር እንስሳ፣ ሲያዩት ቀለሙን ስለሚለውጠው። ልጅቱ አፏን ከፍታ ሰማች። አባቷም ሌላ የሚያይ መስሎ ሰማ።

ከእረፍት በኋላ የባንክ ሠራተኛዋ አየሯን ፈተሸችላት፤ እሷም የጓደኛዋን ፈተሸች። ወደ ኋላ ስታይ ልጇ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ፣ ጫማውን አውልቆ፣ የትንሹን እጅ ጥብቅ አድርጎ ይዟል። አልሳቀም፤ አልተቆጣምም። እንፋሎት መነፅሯን አጠለቀችና ገባች።