ራቅ ስትዪ ትወጫለሽ

ሠዓሊው ኦክታቭ ቀለም አይቀላቅልም። ቀለም መቀላቀል የደነዞች ሥራ ነው ይላል። ሰማያዊ ነጠብጣብ ከብርቱካናማው አጠገብ ጠብ ያደርግና «የቀረው የዓይን ሥራ ነው፤ ራቅ ብሎ ያየ ይገባዋል» ብሎ ይኮፈሳል። ዓለም ግን ራቅ ብሎ ማየቱን ትቶ ጭራሽ ርቆት ሄዷል። ዝናው ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ፣ ጌታው የሚስቱን የዜሊን ሾርባ ይጠጣል፤ ያውም ጨው አነሰው እያለ።

ዜሊ አሥራ ሁለት ዓመት ችላዋለች። በዚህ ሁሉ ጊዜ የድርቆሽ ክምር ሥሏል፣ የዮንን ወንዝ ከነጀልባው ሥሏል፤ እሷን ግን አንድም ቀን አልሣላትም። በዚህ ሰኔ የመንደሩን አደባባይ በውሃ ቀለም ሊሥል ሲነሳ፣ «ዘንድሮ አንቺንም አስገባሻለሁ፤ የውሃ ጉድጓዱ አጠገብ ተቀመጪ» አላት። አመነችው፣ ሞኝ! የሠርጓን ነጭ ቆብ ደፍታ ፀሐይ ላይ ስትጠበስ ዋለች። በልቧ ግን ቆርጣለች፤ ሥዕሉ ላይ ካለች ትኖራለች፣ ከሌለች ኦሴር ከተማ ያለችው እህቷ ዘንድ ትሄዳለች።

ወደ ማታ ሥዕሉን ግድግዳው ላይ ሰቀለው። ቤተ ክርስቲያኑ አለ። ዳቦ ቤቱ አለ። የጎረቤት አህያም አለች፣ ከነጆሮዋ። ጉድጓዱ አጠገብ ግን ባዶ ወረቀት ነው፤ ዙሪያውን ዝንብ ያራበት ይመስላል።

«እኔ የታለሁ?»

«ራቅ በይ።»

ራቀች። «አሁንስ?»

«አፍንጫሽን ደቅነሽበት ሥዕል ይታያል? ራቅ በይ እንጂ!»

«አህያዋ እኮ ከዚሁ ታየችኝ።»

«አህያዋ ቅርጽ አላት! አንቺ ነጭ ነሽ። ነጭ ደግሞ በውሃ ቀለም አይቀባም፤ ወረቀቱ እንዲሁ ይተዋል። ራቅ ስትዪ ትወጫለሽ።»

ወደ ኋላ ወደ ኋላ እያለች በሩ ጋ ደረሰች። «እዚህ ሆኜስ?»

«ትንሽ ይቀርሻል» አላት፣ ዞር ብሎ እንኳ ሳያያት። ዓይኑ ያረፈው የገዛ ነጠብጣቡ ላይ ነበር።

ሻርፗን ከመስቀያው አነሳች። ደጅ ላይ ባለጋሪው ባርናቤ ለነገ የኦሴር ገበያ ጎመን ጭኖ ሊነሳ ነው።

«እመቤት ዜሊ፣ ወዴት ነው በዚህ ሰዓት?»

«ባሌ ሥዕሉ ላይ ራቅ ስትዪ ትወጫለሽ ብሎኝ ወጣሁ። እስቲ ጠጋ በልልኝ።»

ድልድዩን ሲሻገሩ ዞር አለች። ኦክታቭ በመስኮቱ ይታያል፤ እጁን እያወናጨፈ ለባዶ ቤት ያስተምራል። ከዚያ ርቀት አንዲት ነጠብጣብ ቢያክል ነው።

«እህሳ፣ ሥዕሉ ታየዎት?» አላት ባርናቤ።

«አሁን ጥርት ብሎ ታየኝ» አለች ዜሊ። «ንዳው።»