በስድስት ሰዓት የበላሁት

ሚዛኑ ላይ ከመውጣቴ በፊት ጫማዬን ብቻ ሳይሆን ነጠላዬንም አወለቅሁ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር አልታየች አይታኝ ፈገግ አለች።

«ነጠላ አይመዝንም፣ የኔ እህት» አለችኝ።

ዘጠና አራት ኪሎ ነበርኩ። ወረፋ የያዙት ሴቶች እንዳይሰሙ ድምጿን ዝቅ ብታደርግልኝ ብዬ ተመኘሁ። እሷ ግን ለመዝጋቢዋ ጮክ ብላ ነገረቻት።

የሐምሌ መጨረሻ ነበር፤ ከሁለት ቀን በኋላ የፍልሰታ ጾም ይገባል። ሲስተር አልታየች ስኳሬ ከፍ ማለቱን፣ በሽታ ለመባል ጥቂት እንደቀረው ነገረችኝ። ከዚያ በኋላ ያለችውን አልሰማሁም። እናቴ በስኳር በሽታ መጀመሪያ የእግር ጣቷን፣ ቀጥሎ እግሯን ተቆርጣ ነው የሞተችው። እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ በሐሳቤ እግሬን ቆረጥሁ፣ ዓይኔን አጠፋሁ፣ ባሌን ኃይለ ገብርኤልን ሌላ ሚስት ዳርኩት፣ አንድ ልጄን ማኅደረማርያምን ያለ እናት አስቀረኋት። እኔ እንዲህ ነኝ። የደወልኩለት ሰው ስልኩን ካላነሳ ሞቷል ብዬ ነው የምነሳው።

«ትሰሚኛለሽ?» አለች ነርሷ። «ይቺን ኪኒን ቀን ቀን ምሳ በልተሽ ትውጫለሽ። በባዶ ሆድ አይሆንም። ምሳው ትንሽ ይሁን፤ ጎመን ወይ ምስር፣ ግማሽ እንጀራ። ስኳርና ዘይት ቀንሺ።»

«እኔ እኮ ጾመኛ ነኝ። ሥጋና ቅቤ መቼ ነክቼ?»

«በዘጠኝ ሰዓት ስትፈቺ ስንት እንጀራ ትበያለሽ?»

ሦስት ነው የምበላው። በላዩ ላይ በዘይት የራሰ ፓስታ፣ ከዚያ ዳቦ ስኳር በበዛበት ሻይ፤ አንዳንዴ ደግሞ ከኬክ ቤት የጾም ኬክ። «የጾም ነው» ከተባለ ኃጢአት የለበትም፤ ለእኔ ክብደትም የሌለው ይመስለኝ ነበር።

በዚያው ዕለት የንስሐ አባቴን ቄስ ዘርአ ዳዊትን ፈልጌ ሄድኩ። ይቆጡኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልተቆጡም።

«በስድስት ሰዓት ትበያለሽ» አሉኝ። «ሐኪም ያዘዘው የታመመ ሰው በልቶ ጾሙን አልሻረም። አንቺ የምትጾሚው ሰዓቱን አይደለም፣ ብዛቱን ነው። ግማሽ ካልሽ ግማሽ። የቀረውን ግማሽ ለእግዚአብሔር ብለሽ ተዪው። ከሌላው ሰው ጾም ቢከብድ እንጂ አይቀልም።»

«ሰው ቢያየኝስ፣ አባ?»

«ቢያይሽ አባቴ ፈቅደውልኛል በይ። ምን ይከብዳል?»

ምንም የሚከብድ አልነበረውም። ግን እኔ የቀጭን ሴት ሰውነት የለኝም። ሕፃናት እንኳ በሚጾሙት በፍልሰታ፣ ወፍራም ሴት በስድስት ሰዓት ስትጎርስ ያየ ሰው ስለ ኪኒን አይጠይቅም። «ድሮስ!» ብሎ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ለማንም አልነገርኩም። ለኃይለ ገብርኤልም፣ ለልጄም።

ፍልሰታን በየዓመቱ የምንጾመው አንኮበር፣ ታላቅ እህቴ ባዩሽ ቤት ነው። እኔና ልጄ ማኅደር ከደብረ ብርሃን በጭጋግ ተጉዘን ስንደርስ ባዩሽ በር ላይ ቆማ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«እኔ ደግሞ እየሰፋ ነው ሲሉኝ ከተማው ብቻ መስሎኝ» አለች።

ማኅደር ከት ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ሳልስቅ ብቀር ይብስ ነበር።

ቤተ ክርስቲያኑ ያለው ዳገት ላይ ነው። ዳገቱን ስወጣ ትንፋሼ ያጥረኛል። ቆሜ እንደማርፍ ሰው እንዳያውቅብኝ በየመታጠፊያው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞሬ አማትባለሁ፣ ከንፈሬን አንቀሳቅሳለሁ። ከኋላዬ የሚመጡት ሴቶች ጸሎቴን ላለማቋረጥ በዝግታ ያልፉኛል። አንዷ «እንዲህ ነው እንጂ መሳለም» ስትል ሰማሁ። የሰማሁትም ደስ አለኝ፤ ይህንን ሳልጽፈው ብቀር ደግ ነበር።

በጾሙ ቅዳሴ የሚገባው ስድስት ሰዓት ገደማ ነው፤ የሚወጣው በዘጠኝ። እኔ ጠዋት ትምህርቱን ሰምቼ ቅዳሴ ሊገባ ሲል፣ «ቤት ሰው የለም፣ ልጠብቅ፤ እግሬም መቆም አልቻለም» ብዬ እመለሳለሁ። ባዩሽ ትመርቀኛለች። ቤት ገብቼ በሩን እዘጋና ማጀት ውስጥ ቆሜ እበላለሁ። የቅዳሴው ደወል እዚያ ድረስ ይሰማል።

የመጀመሪያውን ቀን እንደታዘዝኩት ግማሽ እንጀራ በጎመን በላሁ፤ ኪኒኔን ዋጥሁ። በሁለተኛው ቀን ሌላውን ግማሽ ጨመርኩበት። በሦስተኛው ቀን ባዩሽ የደፋችውን የገብስ ዳቦ ቆረስኩ። የሚያየኝ ስላልነበረ የሚቆጥርብኝም አልነበረም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሌሎቹ ሲመጡ እኔም ቀኑን ሙሉ ሆዴ ባዶ እንደዋለ ሰው አብሬ እቀርባለሁ። ባዩሽ፣ «ብዪ እንጂ፣ ለዚህ ሰውነት ይቺ ምን ትሆናለች» እያለች ትጨምርልኛለች። እበላለሁ። በሳምንቱ የቀሚሴን መቀነት አላላሁት።

ማኅደር ግን መብላት ትታ ነበር። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ማዕድ ትቀርባለች፣ ቆርሳ ለእኔ ታጎርሰኛለች፣ ወደ ራሷ አፍ ግን እጇ አይሄድም። ከዚያ «ጠገብኩ» ብላ ትነሳለች። የሹራቧ ኪስ ውስጥ ጥቂት የሽምብራ ቆሎ አገኘሁ። የገባኝ የመሰለኝ ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ እናቷን እያየች እንደ እናቷ መሆንን የፈራች መሰለኝ። እንዴት ልቆጣት? እኔም እንደ እኔ እንድትሆን አልፈልግም ነበር። አቀርቅሬ የእሷንም ድርሻ በላሁ።

ነሐሴ አሥራ ሁለት ቀን፣ ስምንት ሰዓት አልፎ፣ እንደልማዴ ማጀት ነበርኩ። ምሳዬን በልቼ ጨርሼ ነበር፤ ኪኒኑንም ውጬ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ዳቦውን በስልጆ እየነከርኩ መብላት የቀጠልኩት። ከደጅ ጫጫታ ሰማሁ። በሩን ስከፍት ባዩሽ ከፊት፣ ቅዳሴ ላይ የወደቀችውን ልጄን በጋቢ ያዘላት ጎረቤቷ ወልደተንሣኤ ከኋላ ሆነው መጡ። ጭንቅላቷ ትከሻው ላይ ወድቋል። የቀበሌው የጤና ሠራተኛ ሰላም የልጄን ጫማ በእጇ ይዛ ትከተላቸዋለች።

ልጄ ብዬ መጮህ አልቻልኩም። አፌ በዳቦ ሞልቶ ነበር። ወደ ግድግዳው ዞሬ ዋጥኩት፤ ጉሮሮዬን እየፋቀ ወረደ። ስዞር ባዩሽ እያየችኝ ነው። ከእኔ ወደ ማጀቱ አየች። ዳቦው፣ ስልጆው፣ የተጋመሰው የሻይ ብርጭቆ፣ ሁሉም እዚያው ነበሩ።

መደቡ ላይ አስተኟት። ሰላም እጇን ይዛ የደም ግፊቷን ለካች፣ ዓይኗን ገልጣ አየች። እኔ መቃብሯን እያየሁ ነበር። በልቤ ከስንት ሰው ጋር ወደ ደብረ ብርሃን እንደምንመለስ፣ ለአባቷ ምን ብዬ እንደምደውል እያሰብኩ ነበር።

«ረሃብ ነው» አለች ሰላም። «ስኳር በውኃ በጥብጡላት። አሁን ካልጠጣች ግን ወደ ሐኪም ቤት መውረዳችን ነው።»

ባዩሽ በጠበጠች። ማኅደር ዓይኗን ገልጣ ብርጭቆውን አየችና ከንፈሯን ገጠመች።

«ስንት ሰዓት ነው?»

«ምን አገባሽ በሰዓቱ፣ ጠጪ» አለቻት ባዩሽ።

«አሥራ ሁለት ሲሞላ እጠጣለሁ፣ አክስቴ። ሱባኤ ይዣለሁ።»

«እስከ አሥራ ሁለት? ማን አዘዘሽ?»

«ማንም። ለእማዬ ብዬ ነው።» ድምጿ ደካማ ነበር፤ ቃሉ ግን ቀድማ ያሰበችበት ነበር። «የጤና ጣቢያውን ወረቀት ቦርሳዋ ውስጥ አየሁት። ስኳሯ ጨምሯል። እሷ ታማ እስከ ዘጠኝ እየጾመች ጤነኛዋ እኔ እኩል ብጾም ምን ጥቅም አለው? ለእመቤቴ እስከ አሥራ ሁለት፣ አንድ እፍኝ ሽምብራ ብዬ ተሳልኩ። እንደ አያቴ እግሯን እንዳይቆርጧት።»

«እመቤታችን አዛኝ ናት፣ ይቅር ትልሻለች። ጠጪ የኔ ልጅ» አለ ወልደተንሣኤ።

«እማዬ ሳታፈርስ እኔ አላፈርስም።»

ባዩሽ ምላሷን የምታሳድር ሴት አይደለችም። ያን ጊዜ ግን ብርጭቆውን ይዛ እኔን ብቻ አየችኝ። ልትናገርልኝ አልፈለገችም። ሌላ ነገር ማለት እችል ነበር። «ማልጄሻለሁ፣ ለእኔ ስትይ ጠጪ» ማለት እችል ነበር፤ እሱን ልል አፌን ከፍቼም ነበር። ልጄ ከንፈሯ ነጭ ሆኖ ነበር።

«እኔ በልቻለሁ» አልኩ።

«መቼ?»

«አሁን። ሲያመጡሽ እየበላሁ ነበር።»

«ስላስደነገጥኩሽ…»

«አይደለም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። በየቀኑ በስድስት ሰዓት እበላለሁ።»

ወልደተንሣኤ ወደ በሩ ዞረ። ሰላም የግፊት መለኪያዋን መጠቅለል ጀመረች፤ ጠቅልላ ጨርሳ ፈታችና እንደገና ጠቀለለችው።

«በዘጠኝ ከእኛ ጋር ስትበዪስ?» አለች ማኅደር።

«በዘጠኝም እበላለሁ።»

«ሁለት ጊዜ።»

«ሁለት ጊዜ።»

ከዚያ ስለ ኪኒኑ፣ ስለ ንስሐ አባቴ ፈቃድ ተንተባትቤ ነገርኳት። ይቅርታ የማገኝበት መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ግንባሯን ቋጠረች፤ ሒሳብ ስትሠራ እንደምታደርገው።

«ከፈቀዱልሽ ለምን ተደበቅሽ?»

«አፈርኩ።»

«ማንን?»

«ሁሉንም። አንቺንም።»

ብርጭቆውን እኔ ተቀብዬ ላጠጣት እጄን ዘረጋሁ። እሷ ከአክስቷ እጅ ተቀበለችና ጠጣች። እስከ መጨረሻው ጠጣች። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

እነ ሰላም ከሄዱ በኋላ ባዩሽ ማጀት ገብታ የተረፈውን ዳቦ በጨርቅ ሸፈነች።

«ዳቦው ሲጎድልብኝ አይጥ ነው ብዬ ወጥመድ አጥምጄ ነበር» አለች። «ወጥመዱ እግርሽን ቢያገኘው ኖሮ ደብረ ብርሃን ድረስ ታነክሺ ነበር።»

ልሳቅ አልሳቅ ሳላውቅ ቆምኩ። እሷም አልሳቀችም። «እህትሽ አይደለሁም? ለእኔ እንኳ አትነግሪኝም?» አለችና ወጣች።

ዛሬ ሰማንያ ስድስት ኪሎ ነኝ፤ ስኳሬም ወርዷል። ሰፈር ውስጥ ሴቶች ምን ተጠቅሜ እንደቀነስኩ ይጠይቁኛል፤ አንዳንዶቹ የሆነ ቅጠል አለ ብለው አላምን ይሉኛል። በጾም ነው እላቸዋለሁ። እውነቴን ነው። ግማሹን በልቶ ግማሹን ለእግዚአብሔር ብሎ መተው፣ እኔ ከጾምኩት ጾም ሁሉ የከበደኝ እሱ ነው፤ ሆድ እየፈለገ፣ ምግቡ ከፊት እያለ፣ «አቤቱ እርዳኝ» እያልኩ ነው የምነሳው። አንዳንድ ቀን ተሸንፌ ሌላውን ግማሽ እበላለሁ። ግን ያ ጾም እንዴት እንደተጀመረ ለጠየቁኝ ሴቶች ነግሬ አላውቅም።

የተጀመረው በማግስቱ ነው። የደብሩ ቄስ የማኅደርን ሱባኤ ፈትተው ሰውነቷ እስኪበረታ በስድስት ሰዓት ትብላ ብለው አዘዙ። ባዩሽ ቅዳሴ ስትሄድ እኛ ሁለታችን ቤት ቀረን። እኔ ወደ ማጀት ልገባ ስል ማኅደር ሳህኑን ይዛ ወደ ውጭ ወጣች።

«እዚህ ነው የምንበላው» አለች።

ቤቱ ደጅ ላይ፣ መንገዱን የሚያይ የድንጋይ መቀመጫ አለ። ሰው ሁሉ በነጭ ለብሶ ወደ ዳገቱ ይወጣል። ማኅደር አንድ እንጀራ ለሁለት ቆረጠች፤ ጎመን ጨለፈችበት። ከእኔ ጎን ሳይሆን ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ስጎርስ የሚያልፈው ሁሉ አፌን የሚያይ መሰለኝ፤ አንዳንዱም በእርግጥ አየ።

አንዲት ሴትዮ ቆም አለች። በጠዋቱ ትምህርት ላይ ሁልጊዜ ከአጠገቤ የምትቀመጠው ናት።

«ምነው ወለተሐና፣ ደህና አይደለሽም እንዴ?»

«ታምሜ ነው» አልኩ። «የንስሐ አባቴ ፈቅደውልኛል።» ድምፄ የራሴ አልመሰለኝም።

«እግዜር ይማርሽ» ብላ ሄደች። ጥቂት ወጣ ብላ አብራት ላለችው ሴት አንድ ነገር ነገረቻት። ምን እንዳለች አልሰማሁም። ስለ እኔ መሆኑን ግን እምላለሁ።

ድርሻዬን ጨረስኩ። አልጠገብኩም። ኪኒኔን ዋጥኩ። ማኅደር የራሷን ቀስ ብላ እያኘከች እጄን ታያለች።

«በዘጠኝስ?» አለችኝ።

«በዘጠኝ አልበላም። ማታ፣ ትንሽ።»

«አብሬሽ እሆናለሁ» አለች። ለመርዳት ይሁን ለመጠበቅ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። ሳህኑን አንስታ ገባች። እኔ መንገደኛው እስኪያልቅ እዚያው ተቀመጥኩ።