ከችሎት የመጣው አስተርጓሚ

"ገራቱ ና ዱኩባ" አለ አራርሳ፣ በሁለት እጁ እምብርቱ አካባቢ ይዞ።

ሆዴን ያመኛል ማለቱ ነው፤ ከዚህ የበለጠ ትንፍሽ አላለም። አስተርጓሚው ደበሳ ግን ጉሮሮውን ጠረገ፣ የጥቁር ኮቱን ቁልፎች ቆላለፈ፣ አንድ እግሩን ቀደም አድርጎ በሐኪሙና በበሽተኛው መካከል ቀጥ ብሎ ቆመ።

"ይህ ምስኪን ገበሬ" ሲል ጀመረ በአማርኛ፣ ድምፁ እስከ ኮሪደሩ እየተሰማ፣ "ሆዱ ውስጥ እሳት ነዶበት፣ አንጀቱ በስለት የሚቆረጥ እስኪመስለው ተሰቃይቶ፣ እህል ውሃ ማለት ካቆመ የሰነበተ መሆኑን፣ ልጆቹንም ሜዳ ላይ በትኖ ለመሞት የተቃረበ መሆኑን ገልጾ፣ ከክቡር ፍርድ ቤቱ... ከክቡር ሐኪሙ አስቸኳይ ውሳኔ እንዲሰጠው በትሕትና ያመለክታል።"

ዶክተር ወልደሰንበት ከወንበሩ ተፈናጥሮ ተነሳ። ደብረ ብርሃን ተወልዶ ያደገ፣ ትምህርቱን እንደጨረሰ አንድ የኦሮምኛ ቃል ሳያውቅ መቱ ሆስፒታል የተመደበ ወጣት ነበር። አራርሳን አልጋ ላይ አስተኛውና ለነርሷ ለሲስተር ቦጋለች ጉሉኮስ እንድትሰቅል፣ የቀዶ ጥገና ክፍሉም እንዲዘጋጅ አዘዘ። አራርሳ መርፌው ወደ ክንዱ ሲመጣ አየ። ቀጥሎም የደበሳን የተከፋ ፊት አየ። ከዚያ ወዲያ የሚጠብቀው ነገር አልነበረም፤ ጋቢውን አልጋው ላይ ጥሎ በበሩ ወጥቶ ሮጠ።

እስከ ግቢው በር ተከትላ የደረሰችበት የጽዳት ሠራተኛዋ ዲሪቤ ናት። ስትመለስ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ነበር።

"ዶክተር፣ ሰውየው ሁሩሙ ገበያ ላይ እሸት በቆሎ አብዝቶ በልቶ ነው። የሆድ ኪኒን ፈልጌ መጣሁ ነው የሚለው። ጋቢዬን በአጥር ወርውሩልኝ ብሏል።"

ዶክተሩ ወደ ደበሳ ዞረ። "ጋሼ ደበሳ፣ ሰውየው በትክክል ያለው ምንድን ነው?"

"ሆዴን ያመኛል።"

"እሳቱስ? ስለቱስ? ልጆቹስ?"

"እነሱ እንኳ..." ደበሳ ኮቱን አስተካከለ፣ "ጉዳዩን ማጠናከሪያ ናቸው።"

"እርስዎ ባጠናከሩት ጉዳይ የጤነኛ ሰው ሆድ ልቀድ ነበር! እዚህ ክርክር የለም፤ የሚረታም የሚሸነፍም የለም። የሙከራ ጊዜዎ ዓርብ ያበቃል። እስከዚያ ይህ ነገር ካልቀረ አዝናለሁ፣ እንደ ድሮው ዲሪቤ ትተርጉምልኝ።"

ደበሳ አንገቱን ደፋ። ከመጥረጊያዋ ጋር የቆመችው ዲሪቤም አንገቷን ደፋች፤ ለእሱ አዝና ነው።

ሰው ይህን ሲሰማ ደበሳን ውሸታም ይለው ይሆናል፤ ውሸታም ግን አልነበረም። ዕድሜውን ሙሉ ጎሬ ላይ በፍርድ ቤት አስተርጓሚነት ያገለገለ፣ አንደበቱ የታወቀ ሰው ነው። በዚያን ዘመን ባለጉዳይ "መሬቴን ወሰደብኝ" ብሎ ዝም ሲል፣ ያንን ደረቅ ቃል ለዳኛ እንዳለ ማቅረብ ባለጉዳዩን እንደመጣል ይቆጠር ነበር። ጥሩ አስተርጓሚ የሚባለው የባለጉዳዩን እንባ ጭምር ወደ አማርኛ የሚያሻግር ነው። ከዳሪሙና ከሁሩሙ የሚመጡ ሰዎች ቀጠሮአቸው ሌላ አስተርጓሚ ላይ ከዋለ አሞናል ብለው እስከ ማራዘም ይደርሱ ነበር፣ ደበሳን ለማግኘት።

ኋላ ዘመኑ ተለወጠ። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ጓዙን ጠቅልሎ ከጎሬ ወደ መቱ ወረደ። ገበሬውም በየማኅበሩ ፍርድ ሸንጎ አቋቁሞ በገዛ ቋንቋው መካሰስና መታረቅ ጀመረ። ነገሩ መልካም ነበር፤ ደበሳም መልካምነቱን አይክድም። ችግሩ በዚህ መልካም ነገር ውስጥ ለእሱ የሚሆን ቦታ አለመኖሩ ነው። ብዙ ደጅ ከጠና በኋላ ሆስፒታሉ በሙከራ ሲቀበለው ጥቁር ኮቱን አስተኩሶ መጣ። ችሎት እንደሚቆመውም ቆመ።

ያን ዕለት ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ተጂቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ጎመን ትቀነጥሳለች። የሆነውን ሁሉ ነገራት። ሲነግራትም ትንሽ ማጠናከሩ አልቀረም።

"እንደ በቀቀን ያሉትን ድገም ነው የሚለኝ፣ ያ ልጅ። ታዲያ የእኔ ሙያ የቱ ጋ ነው?"

ተጂቱ ጎመኑን ሳትለቅ ሳቀች። "አንተ ሰው፣ ከበሽተኛው በላይ ለምን ትታመማለህ? ረሳኸው? ባለፈው ክረምት ጥርሴን ቢያመኝ ለጎረቤት አስተረጎምክልኝና ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ለቅሶ ሊደርስ መጣ።"

"ያን ጊዜ እንኳ ደንግጬ ነው።"

"ይሁን፣ ደንግጠህ ነው።" አሁን ሳቋ ቆመ። "ደበሳ፣ የጎሬውን ቤታችንን ዘግተን ነው የወረድነው። ይህ ሥራ ከቀረ ከዚህ ወዴት ልንወርድ ነው? ልጁ ያለህ ከባድ ነገር አይደለም። ሰውየው ያለውን በል፤ ሲጨርስ ጨርስ።"

ለተጂቱ ቀላል ነበር። ለደበሳ ግን የገዛ እግሩን በሌላ ሰው አረማመድ አራምድ የመባል ያህል ከብዶታል። በማግስቱ "ራሴን" የሚል መጣ፤ ደበሳ "ራሴን" ብሎ ከንፈሩን ነከሰ። "ያስለኛል" የሚል መጣ፤ "ያስለኛል" ብሎ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ሲስተር ቦጋለች እያየችው አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች። አንዲት አሮጊት "ጉልበቴ" ስትለው ግን ማምለጥ አልቻለም፤ "ጉልበቴ፣ ይህ ስንት አቀበት የወጣ ጉልበቴ" ብሎ ዶክተሩ ቀና ሲል እዚያው ላይ ዋጠው።

ዓርብ ረፋዱ ላይ ከዳሪሙ በቃሬዛ የተጫነች ወጣት ሴት መጣች። ዋሪቱ ትባላለች። ባሏ በዳሳና ጎረቤቶቹ እየተፈራረቁ፣ መንገድ ላይ አድረው ነው ያደረሷት። አማቷ ዱሬቲ ከፊት ከፊት ትመራለች። ቃሬዛው ወለሉ ላይ እንዳረፈ ዱሬቲ ንግግር ጀመረች፤ ደበሳም ሐረግ በሐረግ አሻገረ።

"ኮሶ ነው የያዛት። ደጋግሜ አጠጥቻታለሁ። ሆዷ ግን አልሻረም። ትናንት ምንጭ ዳር ወደቀች። ማሻሪያ ስጡን፣ ይዘናት እንመለስ።"

ዶክተሩ ተንበርክኮ የዋሪቱን ሆድ ነካ፤ እሷም ጥርሷን ነከሰች። ዱሬቲ ወሬዋን ቀጥላለች። ደበሳ ግን ዓይኑ የዋሪቱ ከንፈር ላይ ነበር። ከንፈሯ ሊናገር ይከፈትና አማቷን አይታ ይዘጋል። ችሎት ቢሆን ይህ አያገባውም ነበር፤ ውክልና የያዘ ሰው ከተናገረ ባለጉዳዩ ዝም ይላል። ደበሳ ትንሽ አመነታ። ከዚያ ማንም ያልተናገረውን ነገር በራሱ ተናገረ።

"ዶክተር፣ እስካሁን የተናገሩት አማቷ ናቸው። ባለጉዳይዋ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።"

ዶክተሩ ቀና ብሎ አየውና ሌሎቹ እንዲወጡ አደረገ። ዋሪቱ አሁንም አልተናገረችም። የምታየው ደበሳን ሳይሆን ጥቁር ኮቱን ነበር። ደበሳ ይህ ሲገባው ሆዱ ባባ። ለገጠር ሰው ጥቁር ኮት ማለት መከሰስ ነው፤ እሱ ከብሬበታለሁ የሚለው ልብስ እሷን አስፈርቷታል። ኮቱን አወለቀና ለሲስተር ቦጋለች አቀበላት። ቃሬዛው አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ እንዳታፍር ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"ኢንተላ ኮ" አላት በኦሮምኛ፣ ልጄ ማለቱ ነው፣ "እኔ አባትሽ ነኝ። አላይሽም። ለእኔ ንገሪኝ፣ ለሐኪሙ ነው የምነግረው።"

ዋሪቱ በሹክሹክታ ጀመረች። ደበሳም ግድግዳውን እያየ በእሷው ድምፅ ልክ አሻገረ።

"አበባዬ ከቀረ ቆይቷል። ለማንም አልተናገርኩም።"

"ትናንት እንስራውን ላነሳ ስል እዚህ ጎኔ ውስጥ አንድ ነገር ተበጠሰ።"

"ዓይኔ ጨለመ።"

ከዚያ ዋሪቱ አንድ ሌላ ነገር አለች፤ ደበሳም ምላሱ ላይ ሲደርስ ቆመ። ከጉዳዩ ጋር የማይገናኝ ነገር ነበር። ችሎት ላይ እንዲህ ያለ ቃል ክርክሩን ያበላሻል፤ ጎሬ ቢሆን ያለ ጥርጥር ይጥለው ነበር። ተጂቱ ጎመን እየቀነጠሰች ያለችው ትዝ አለው።

"ትከሻዬንም ያመኛል" አለ። "ጋደም ስል ይብሳል።"

"ምን?" ዶክተሩ ብድግ አለ። "ትከሻ አለች? በእግዚአብሔር፣ ጋሼ ደበሳ፣ የእርስዎ ማጠናከሪያ አይደለም?"

"የእኔ ቢሆን ትከሻ ላይ ምን ወሰደኝ፣ ዶክተር? እሷ ናት ያለችው።"

"ሲስተር ቦጋለች! ቀዶ ጥገና ክፍል፣ አሁኑኑ! ጽንሱ ከማህፀን ውጭ ሆኖ ፈንድቷል። ደሙ ሆዷ ውስጥ ሞልቶ ወደ ላይ ወጥቷል፤ ትከሻዋን የሚያማት እሱ ነው።"

አሁን የሚያስፈልገው ደም ነበር፤ ሆስፒታሉ ደግሞ ያስቀመጠው ደም አልነበረውም። ባሏ በዳሳ ክንዱን ለመስጠት ቸኩሎ ቢቀርብም ደሙ ከእሷ ጋር አልገጠመም። ቃሬዛውን የተሸከሙት ጎረቤቶች ደም መስጠት የሚለውን ሲሰሙ እርስ በርስ ተያዩና አንድ በአንድ ወደ ግቢው በር ማፈግፈግ ጀመሩ። ደሙን የሰጠ ሰው ዳግመኛ ሞፈር አይዝም የሚባል ወሬ ሰምተዋል።

ዶክተሩ ደረጃው ላይ ቆሞ ተመለከታቸው። ጊዜ አልነበረውም። "ጋሼ ደበሳ፣ ደም ካላገኘሁ ትሞትብኛለች። ይንገሩልኝ።"

"እንዳሉት ልንገራቸው?"

"የለም!" አለ ዶክተሩ። "ያጠናክሩልኝ!"

ደበሳ ኮቱን ከሲስተር ቦጋለች ተቀብሎ ለበሰ። ቁልፎቹን ቆላለፈ። ደረጃው ላይ ወጥቶ አንድ እግሩን ቀደም አድርጎ ቆመ፣ ጉሮሮውንም ጠረገ። በሽተኞችና አስታማሚዎች ሁሉ ዞረው አዩት።

"የዳሪሙ ሰዎች!" አለ በኦሮምኛ። "ወንዙን ያሻገራችኋት እናንተ ናችሁ። በጭቃው ስትንሸራተቱ እናንተ ወደቃችሁ እንጂ እሷን አልጣላችሁም። ጫካ ውስጥ ስታድሩ ጋቢያችሁን ለእሷ አልብሳችሁ እናንተ በረዳችሁ። ይህን ሁሉ መንገድ ትከሻችሁ ላይ አምጥታችሁ ዛሬ በሩ ላይ ልታስቀምጧት ነው? እቤት ስትገቡ ልጆቻችሁ ዋሪቱስ ብለው ይጠይቋችኋል። ከእናንተ መካከል የቱ ነው፣ በሩ ላይ ደከመን የሚላቸው? ደም ሰጥቶ ሞፈር ያቃተው ሰው ካለ ስሙን ጥሩልኝ! የለም! እኔ ሽማግሌው እቀድማለሁ። ከእኔ በኋላ ወጣት ነኝ የሚል ይከተለኝ!"

ይህን ብሎ የኮቱን እጅጌ እስከ ክርኑ ሰብስቦ ወደ ውስጥ ገባ። መርፌው ሲገባ ዓይኑን ጨፈነ፤ መርፌ በጣም ይፈራ ነበር፣ ይህንንም ለማንም አልተረጎመም። ዓይኑን ሲገልጥ በበሩ ላይ ሰልፍ ቆሟል። ጎረቤቶቹ በሙሉ አሉ። ዱሬቲም እጅጌዋን ሰብስባ ከኋላቸው ቆማለች።

ከሰዓት በኋላ ዶክተሩ ላብ እያጠመቀው ወጣ። ሁሉም ከተቀመጡበት ተነሱ። እሱም ደበሳን ብቻ አየው።

"ተርፋለች።"

ደበሳ ይህን አንድ ቃል በአንድ ቃል አሻገረው። ምንም አልጨመረበትም፤ መጨመርም አላስፈለገውም። ዱሬቲ እልልታዋን ስታቀልጠው ሲስተር ቦጋለች ዝም በሉ ለማለት ወጥታ ራሷ ሳቀች። ደበሳ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አለቀሰ። እንዲህ ያለ ደስታ ጎሬ ላይ ረትቶም አያውቅም።

"ሙከራው አብቅቷል፣ ጋሼ ደበሳ" አለው ዶክተሩ እጁን እየጨበጠ። "ከዛሬ ጀምሮ የሆስፒታሉ ሰው ነዎት።"

ሰኞ ጠዋት ደበሳ ጥቁር ኮቱን አውልቆ ከበሩ ኋላ ምስማር ላይ ሰቀለው።

"ሊለብሱት አይደለም?" አለችው ዲሪቤ።

"ደም የሚለመን ቀን።"

የመጀመሪያው በሽተኛ ጋቢውን አጥብቆ ይዞ ገባ። አራርሳ ነበር። መውጫውን በዓይኑ ለካና እንደመቀመጥ አለ።

"ገራቱ ና ዱኩባ" አለ፣ ደበሳን በስጋት እያየ።

ደበሳ በሁለቱ መካከል የሚቆምበትን ቦታ ለቀቀ። በርጩማውን አንስቶ ከአራርሳ ጎን አስጠጋና ተቀመጠ።

"ሆዴን ያመኛል" አለ።

ዶክተሩ የሚቀጥለውን ለመስማት ብዕሩን አንስቶ ጠበቀ። ደበሳ ግን ጨርሷል።