ክሩ ሳይበጠስ

ጋሽ መወርወሪያ መኪናዋን ለመሸጥ የተስማሙት ተከበው ነው። ባለፈው ወር፣ ወደ ማምሻው ላይ፣ ከግቢ ወደ ኋላ ሲወጡ የበሩን ግንብ ገጩ። ግንቡ ምንም አልሆነም፤ የመኪናዋ ጎን ግን ተላጠ። በማግስቱ ልጆቻቸው ሳሎን ውስጥ ዙሪያቸውን ይዘው ተቀመጡ። ትልቁ ልጅ ተናገረ፣ ሴቷ ልጅ አለቀሰች፣ ትንሹ ልጅ ደግሞ ከሰው አገር በስልክ ገባበት። አርጅተሃል ያላቸው የለም። ሁሉም ያላቸው "እረፍ" ነው። ዕድሜህን ሙሉ ለፍተሃል፣ አሁን እረፍ፤ እማማን እኛ እናመላልሳታለን፣ አንተ እረፍ። ጋሽ መወርወሪያ ይህ ቃል ለሞተ ሰው ካልሆነ በቀር እንዲህ ተደጋግሞ ሲባል ሰምተው አያውቁም። መተንፈሻ ሲያጡ ጊዜ፣

"በቃ፣ ገዢ ከተገኘ ትሸጥ" አሉ።

ልጆቹ ተነስተው ጉንጫቸውን ሳሙ። እሳቸው ግን ከአፋቸው የወጣውን ነገር መልሰው ለመዋጥ የፈለጉት ገና የመጀመሪያው ልጅ ሳይስማቸው ነበር።

መወርወሪያ የሚለውን ስም ያወጡላቸው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሴቶች ናቸው። ጋሽ መወርወሪያ በጉልምስናቸው የሽመና ማሽን ጠጋኝ ነበሩ። እዚህ ማሽን ቆመ ሲባል እዚያ፣ እዚያ ቆመ ሲባል እዚህ፣ ማጉን ይዞ ግራና ቀኝ እንደሚበረው የእንጨት ዕቃ ሲመላለሱ ይውሉ ስለነበር ስሙ ተለጥፎባቸው ቀረ። ጡረታ ከወጡም በኋላ አለቀቃቸውም። ባለቤታቸው እንኳ በእውነተኛ ስማቸው የሚጠሯቸው ሲናደዱ ብቻ ነው።

መኪናዋ ነጭ ቶዮታ ኮሮላ ናት፣ በዕድሜ ከትልቁ ልጅ ጥቂት የምታንስ። ስንት ዓይነት መኪና እያለ ለምን ይችን መረጥክ ሲሏቸው፣ ሚስት ስለማግባት እንደተጠየቀ ሰው ኮራ ብለው "ቤተሰቦቿን አውቃቸዋለሁ" ይሉ ነበር። ሰዉ ይስቃል፤ እሳቸው አያብራሩም።

አሁን መኪናዋን የሚፈልጓት ለሩቅ መንገድ አልነበረም። የባለቤታቸው ጉልበት ከተበላሸ ወዲህ በየሳምንቱ እግራቸውን ወደሚያሹላቸው ሐኪም ቤት ይወስዷቸዋል፤ ከዚያም እህታቸው ቤት ያደርሷቸዋል። ሁለቱ እህትማማቾች ሲያወሩ ጋሽ መወርወሪያ መኪናዋ ውስጥ ወንበራቸውን ለጠጥ አድርገው ይተኛሉ። ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ይመለሳሉ። ሕይወታቸው ይህች ናት፤ ትልቅ ነገር የላትም፣ ግን ማንንም አስፈቅደው የሚኖሯት አይደለችም።

የልጆቹን "እናመላልሳታለን" ደግሞ አይተውታል። ከግጭቱ በኋላ ባለው ሳምንት ትልቁ ልጅ እኔ እወስዳታለሁ ብሎ ነበር። እናቱ ከጠዋት ጀምሮ ለባብሰው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ልጁ ስብሰባ ይዞት፣ ከስብሰባው የመንገድ መዘጋጋት ይዞት፣ ሲደርስ ሐኪሙ ወጥቷል። ባለቤታቸው ከወንበሩ ተነሱ። ቦርሳቸውን ወደ ጓዳ መለሱ። ጋሽ መወርወሪያን ያቃጠላቸው ያ ቦርሳ ነው።

ስለዚህ መላ ዘየዱ። በመኪና ገበያ ሻጭ ያወድሳል፣ ገዢ ያጣጥላል፤ በመሐል ደላላው ይምላል። እሳቸው ልሸጥ ብለው ቃል ሰጡ እንጂ ላወድስ ብለው አልሰጡም።

መጀመሪያ የመጡት አዲስ ተጋቢዎች ነበሩ። ደላላው ገና አፉን ሳይከፍት ጋሽ መወርወሪያ ቀደሙት። ዝናብ ሲዘንብ በኋላው መስኮት ውኃ እንደሚገባ፣ ማሞቂያው ከሞተ ቆይቶ ቀብሩ ብቻ እንደቀረ፣ ሬዲዮው አንድ ጣቢያ ብቻ እንደሚይዝ፣ እሱም ሲፈልገው ብቻ እንደሚናገር፣ የጎን በሩ ደግሞ ብልሃቱን ለማያውቅ ሰው አልዘጋ እንደሚል ዘረዘሩላቸው። አንዷም ውሸት አልነበረባትም። ሙሽራይቱ በሩን ለመዝጋት ሞከረች፤ አልዘጋላትም። ባሏ ሞከረ፤ እምቢ አለ። ተያይተው አመስግነው ሄዱ።

ቀጥላ አንዲት የመድኃኒት ቤት ባለቤት መጣች። እሷንም በዚያው ሸኟት። ማታ ራት ላይ ባለቤታቸው ድስቱን እያቀረቡ፣

"መኪናዋን ዛሬም ሰደብካት?" አሏቸው።

"እውነቱን ነው የነገርኳቸው።"

"እኔን ለወላጆችህ ስታስተዋውቅ እንዲህ እውነት ብትናገር ኖሮ ቆሜ ቀርቼ ነበር" አሉና ሳቁ። ሐኪሙ ካመለጣቸው ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቁት ያኔ ነው።

ደላላው ግን የዋዛ ሰው አልነበረም። ነገሩ ሲገባው ትልቁን ልጅ ለብቻው ጠርቶ ምሥጢሩን ነገረው። ልጁ በኋላ ለአባቱ እንደነገራቸው፣ ደላላው ያለው እንዲህ ነው። የዚህ ዓይነት መኪና ባለቤቶች በገበያው የታወቁ ናቸው። ሌላው ሰው መኪናውን ሲሰለቸው ይሸጣል፤ እነዚህ ግን ካልሞቱ ወይም አገር ካልለቀቁ አይሸጡም። እንዲሸጡ ከተገደዱ ደግሞ ገዢ እንዲሸሽ ዓይናቸው እያየ ይሰድቧታል። አንድ ነገር ግን አይችሉም፤ ሌላ ሰው ሲሰድባት መስማት።

ቀጣዩን ገዢ ያመጣው ይህን አስጠንቶ ነው። ሰውየው የቀለም ነጋዴ ነበር፣ ወፈር ያለ፣ ጥፍሮቹ ዙሪያ ሰማያዊ ቀለም የደረቀበት። ትልቁ ልጅም ከሥራ ቀርቶ መጥቷል። ቀኑ የሐኪም ቤት ቀን ነበር፤ ባለቤታቸው ውስጥ ሆነው ይለባብሳሉ።

ጋሽ መወርወሪያ እንደ ልማዳቸው ጀመሩ። ውኃ ያስገባል አሉ።

"ያስታውቃል" አለ ነጋዴው።

ማሞቂያው አይሠራም አሉ።

"መቼ ሠርቶ ያውቃልና።"

ጋሽ መወርወሪያ ትንሽ ቅር አላቸው። አንገታቸው ላይ በክር የተንጠለጠለውን መነጽር አስተካከሉ። በሩ አስቸጋሪ ነው አሉ፣ ድምፃቸው ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም። ነጋዴው በጣቱ የተላጠውን ቦታ ፋቅ ፋቅ አደረገና፣ እንዲህ ያለውን ነገር ሱቁ ውስጥ ለማስቀመጫ እንኳ እንደማይፈልገው ተናገረ። ከዚያ ወደ ደላላው ዞሮ፣ ለሱ የሚያወራ መስሎ፣

"ለነገሩ ቶዮታን የሠሩት ሰዎች ሲጀምሩ የሽመና ማሽን ሠሪዎች ነበሩ አሉ" አለ። "ሸማኔ ደግሞ ስለ መኪና ምን ያውቃል?"

ጋሽ መወርወሪያ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉና ሰውየውን ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት።

"ሸማኔ ምን ያውቃል" አሉ ቀስ ብለው። "ስማኝ ልጄ። የቶዮታ ቤተሰብ አባት የአናጺ ልጅ ነው። እናቱ ስትሸምን እያየ አደገ ይባላል። የሽመና ትልቁ ጣጣ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ክር መበጠሱ አይደለም። ክር ይበጠሳል፣ ክር ነው። ጣጣው ክሩ ተበጥሶ ማሽኑ መሄዱ ነው። አንዲት ክር ትበጠሳለች፣ ማንም አያያትም፣ ማሽኑ ይገፋል፣ ስትደርስበት ጣቃው በሙሉ ተበላሽቷል። ሰውየው ምን ሠራ? ክር ሲበጠስ ራሱ ቀጥ የሚል ማሽን ሠራ። የሚጮህበት የለም፣ የሚይዘው የለም። ራሱ ቀጥ።"

እዚህ ላይ እጃቸውን ዘርግተው አየሩን አቆሙት። ከዚያ በኋላ የሚያቆማቸው አልተገኘም። የዚያ ሰው ልጅ ከዚያው ከሽመናው ቤት ወጥቶ መኪና እንደሠራ፣ ብዙ ሰው ያኔ ዕብደት ነው ሳይለው እንዳልቀረ፣ እሳቸውም በዚያ ቤተሰብ ማሽኖች ላይ እጃቸውን እንዳፍታቱ፣ የማሽኖቹን ሆድ ከፍተው አንድ ልል ብሎን አግኝተው እንደማያውቁ አወሩለት። መኪናዋን የገዙት ቀለሟ አምሮባቸው ሳይሆን ኮፈኗን ሲከፍቱ የለመዱትን እጅ ስላዩበት ነው። አዎ፣ ማሞቂያው ሞቷል፤ የጎማው ማሸጊያ በፀሐይ አልቆ ውኃ ያስገባል። ሰውስ ሲያረጅ ጥርሱ ይወልቅ የለም? ልቡን ነው ማየት። ኮፈኑን ከፈቱ፣ ቁልፉን አዞሩ። ሞተሩ አንዴ ሳል ሳይል ተነሳ።

"እጅህን አሳርፍበት" አሉት።

ነጋዴው መዳፉን ሞተሩ ጎን ላይ አኖረ። ጥቂት ቆየ። ፊቱ ላይ የነበረው ፌዝ ጠፋ።

"እወስዳታለሁ" አለ። "የጠራችሁትን ዋጋ፣ ምንም ሳልቀንስ።"

ጋሽ መወርወሪያ የሠሩት ነገር የገባቸው የደላላውን ከንፈር ሲያዩ ነው። ፈገግታውን በጢሙ ሊሸፍን ይታገል ነበር። በገዛ አፋቸው ሸጠዋታል። ሞተሩ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ በለሆሳስ ይዞራል።

ትልቁ ልጅ ቀረብ አለ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ድምፁም የክፉ አልነበረም።

"አባባ፣ ገዢ ከተገኘ ብለህ ነበር። ተገኘ።"

"አልሸጥም።"

"ቃልህስ?"

"አጠፍኩት። ተከብቤ የሰጠሁትን ቃል ዛሬ ፀሐይ ላይ ቆሜ፣ ሰው እየሰማኝ አጠፍኩት። አባቴ ቃሉን የሚያጥፍ ሰው ነው ብለህ ንገርብኝ።"

ልጁ ወደ በሩ ግንብ አመለከተ። ጭረቱ ላይ ነጭ ቀለም ቀርቶበታል።

"ያ ሰው ቢሆን ኖሮስ?" አለ። "ግንብ ሆኖ ነው እንጂ ልጅ ቢሆን ኖሮስ አባባ?"

ይህ ጥያቄ ለጋሽ መወርወሪያ አዲስ አልነበረም። ከግጭቱ ቀን ጀምሮ አብሯቸው ይተኛል፣ አብሯቸው ይነሳል። መልሱን ለማንም ተናግረውት አያውቁም ነበር፣ የጠየቃቸው ስላልነበረ።

"በማግስቱ፣ እናንተ ሳሎን ከመሰብሰባችሁ በፊት፣ ጠዋት የት እንደሄድኩ ታውቃለህ?" አሉ። "የዓይን ሐኪም ዘንድ። ማንም አልላከኝም። ቀን በመነጽር ንዳ፣ ሲመሽ አትንዳ አለኝ። ይኸው መነጽሩ። ከዚያ ወዲህ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መሪ ጨብጬ አይተኸኛል?"

ልጁ አሰበ። አላየም።

"ማነው የከለከለኝ? አንተ ነህ? እህትህ ናት? አንዷ ክር ተበጠሰች፣ እኔ ራሴ ቀጥ አልኩ። የቀሩትም ሲበጠሱ ራሴ እቆማለሁ፤ ቁልፉን አምጥቼ እጅህ ላይ አኖራለሁ፣ ያን ቀን አንተም ሳትጠይቀኝ። ሊበጠስ ይችላል ብሎ ደህናውን ማሽን የሚያቆም ጠጋኝ ግን እኔ አላየሁም። ክሬ ሳይበጠስ ማንም አያቆመኝም። አንተም ብትሆን።"

ወዲያው የቤቱ በር ተከፈተና የልጁ እናት ወጡ። ለባብሰዋል፤ ከዘራቸው በአንድ እጅ፣ ቦርሳቸው በሌላው። በመስኮቱ ሁሉንም ሰምተው ነበር። ማንንም ሳያዩ፣ ነጋዴውን በከዘራቸው ጫፍ ዞር በል ልጄ ብለው፣ ወደ መኪናዋ ሄዱ። ገቡ። በሩን ወደ ላይ ትንሽ ከፍ፣ ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉት። ገጥ አለ።

"እማማ፣ እኔ ልውሰድሽ እንጂ፣ ለዚህ ብዬ እኮ ነው ከሥራ የቀረሁት" አለ ልጁ።

እናቱ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አስተካከሉ።

"አንተን ስጠብቅ እውላለሁ፤ ከአባትህ ጋር ስሆን ግን እሄዳለሁ" አሉት። "በል የግቢውን በር ክፈትልን። ሐኪሙ ይወጣል።"

ጋሽ መወርወሪያ ኮፈኑን ዘጉ፣ ገቡ፣ መነጽራቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ደላላው ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ፣ ሰውየውን ምን እንደሚለው ጠየቃቸው። የተሸነፈ ሰው ድምፅ ነበረው፤ ትንሽም የተደሰተ።

"ባለቤቷ አልሞተም በለው" አሉ።

ነጋዴው ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። አልተቆጣም። መዳፉን አይቶ፣ መልሶ መኪናዋን አየና፣ ከማንም አስቀድመው እኔን ይጥሩኝ አለ፤ መቼ እንደሆነ ግን አልጨመረም።

ትልቁ ልጅ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተና ከግንቡ ጋር ቆመ። ፊቱ እንደጠቆረ ነው። መኪናዋ ወደ ኋላ መምጣት ስትጀምር ግን እጁ ሳያዘው ተነሳ፤ ና፣ ና፣ ግራ፣ ትንሽ ግራ እያለ መምራት ጀመረ። ጋሽ መወርወሪያ እጁን አላዩም። መስታወታቸውን ነበር የሚያዩት። ግንቡ ሲቃረብ ቀስ አሉ፣ ጭረቱ አጠገብ ሲደርሱ ቆሙ፣ መሪውን አዞሩ፣ እንደገና ተንቀሳቀሱ። በመኪናዋና በግንቡ መካከል የልጃቸው ትከሻ የሚያህል ቦታ ተርፎ አለፉ።

መንገዱ ላይ ሲደርሱ ባለቤታቸው ሬዲዮውን ነካ አደረጉት። ዛሬ ፈልጎት ነበር፤ ተናገረ።