የጃኬቱ ገበር

ልብስ ሰፊዋ ወንድሟን ተራራው ላይ ትታ እርዳታ ፍለጋ ስትወርድ፣ መመለሻ መንገዷን ያሰመረችው በጠመኔ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ድንጋይ ይከምር ነበር። እሷ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ሳታሰምር መቀስ አንስታ አታውቅም፤ እጇ ኪሷ ሲገባ ያገኘው ጠመኔ ነው፣ በጠመኔ አሰመረች። የልብስ ሰፊ ጠመኔ የሚወደደው በውሃ ስለሚለቅ መሆኑን በዚያ ድንጋጤ ማን ያስታውሳት!

ወንድሟ ሱቅ ውስጥ አጠገቧ የሚሰፋ ረጅም ቀጫጫ ነው፤ ደንበኛው ሁሉ «ሜትሩ» ይለዋል። «ዕድሜያችንን ፔዳል ስንረግጥ ጨረስነው እኮ፣ አንድ ሳምንት እንኳ መሬት እንርገጥ» ብሎ የወተወታት እሱ ነው። የጀርባ ቦርሳቸውንም ጃኬታቸውንም ራሳቸው ሰፉ። ሦስት ቀን ሰው የሚባል ሳያዩ ተራራ ለተራራ ዞሩ። በአራተኛው ቀን ጠዋት እግሩ ድንጋይ መሀል ገብቶ ተሰበረ። ዋሻ ውስጥ አስገብታ፣ ብርድ ልብስ ደራርባለት ወረደች።

የተራራው ጠባቂ ሽበታም፣ እርምጃው ፈጣን ሰው ነው። ሁለት ሰዓት ያህል ወርዳ የጥበቃ ኬላ ላይ አግኝታው አብረው ሲወጡ ዝናቡ ጀመረ። መንገዱ ለሦስት የሚከፈልበት ቦታ ሲደርሱ ጉሙ ዓይን ያዘ።

«የትኛው ነው?» አላት።

«ይኸው እዚህ ድንጋይ ላይ…» ብላ ጎንበስ አለች። ድንጋዩ ታጥቦ ጥርት ብሏል። ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም በመዳፏ አበሰች፤ ምንም የለም።

«ልጄ፣ ሳይመሽ ካላገኘነው ይህ ብርድ አያሳድረውም» አላት ጠባቂው፤ ሰውየው ማለባበስ አያውቅም።

ያኔ ነው በቀኝ በኩል ካለው ቁጥቋጦ ላይ የታሰረ ሰማያዊ ብጣሽ ያየችው። «የጃኬቱ ገበር ነው! እኔው ነኝ የሰፋሁት!»

«ጎበዝ! መንገድ እያሳየን ነው» ብሎ ጠባቂው ፈገግ አለ።

እሷ ግን ፈገግ ማለት አቃታት። ዝናቡ መስመሯን እንደሚያጥበው ሜትሩ ገብቶታል። ብርድ ልብሱን ጥሎ፣ በተሰበረ እግሩ እየዳኸ እዚህ ድረስ ወርዷል፤ ከዚያ ልብሱን እየቆረጠ፣ እያሰረ ወደ ላይ ተመልሷል።

ሃምሳ እርምጃ ሄደው ሌላ ገበር አገኙ። ቀጥሎ ያገኙት ግን ገበር አልነበረም፤ የግራ እጅጌው ነው። ከዚያ የቀኙ። ጠባቂው ብጣሽ ባየ ቁጥር «ተመስገን» ይላል። እሷ ባየች ቁጥር ልቧ ይሰነጠቃል፤ ከአንድ ጃኬት ስንት ብጣሽ እንደሚወጣ ከሷ በላይ የሚያውቅ የለምና። ኮሌታው መጣ። ጀርባው በሦስት ተቆርጦ መጣ።

«ጋሼ፣ ኧረ ይፍጠኑ! የቀረው ደረቱ ብቻ ነው!»

«የምን ደረት?»

እሷ ግን ትሮጥ ነበር። ደረቱ ከነዚፑ ድንጋይ ተጭኖበት ተገኘ። ከዚያ በኋላ ያለው ብጣሽ የጃኬት አልነበረም። የሸሚዝ ነው።

ሜትሩ ዋሻው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው በደረቱ ተደፍቶ ነበር። ራቁት ጀርባው ላይ ዝናብ ይወርዳል። ጃኬቷን አውልቃ ጣለችበትና ሙሉ ሰውነቷን አስተኛችበት። ጠባቂው ጆሮውን አፍንጫው ላይ አድርጎ ረጅም ጊዜ አዳመጠ።

«እስትንፋሱ አለ» አለ በመጨረሻ።

ሜትሩ ዓይኑን ገለጥ አደረገ። ከንፈሩ ጠቁሯል። «እትዬ… ጠፋሽ ብዬ እኮ ፈራሁ» አላት።

ቀኑን ሙሉ ለሱ ስትሞት ነው የዋለችው። እሱ ደግሞ ሲፈራ የዋለው ለሷ ነው።

«እንዳይተኛ አናግሪው፤ ተቆጪው!» ብሎ ጠባቂው ጮኸ። ያን ሁሉ ዘመን ስትቆጣው የኖረች ሴት አንዲት የቁጣ ቃል ጠፋባት። ዓይኑ ተመልሶ ሊከደን ሲል በጥፊ አለችው።

«ኧረ እትዬ! ያማል!» አለ።

በሕይወቷ የዚያን ያህል ደስ ያላት ቃል የለም።