ቀንዱን የጣለው

ሽማግሌው አርቪድ በጫካቸው እንዲያድን ለጎረቤታቸው ለግሌን ሲፈቅዱለት የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ያን ጆሮ ቆራጣ ተውልኝ። ሌላውን እንደ ፍጥርጥርህ።»

ጆሮ ቆራጣው ግዙፍ ወንድ አጋዘን ነው። በየዓመቱ የሚጥለውን ቀንድ አርቪድ በረዶ ሲቀልጥ እየለቀሙ ወጥ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ሰቅለዋል፤ ስድስት ጥንድ ሞልቷል። ጉልበታቸው ለአደን ዛፍ መውጣት ከከለከላቸው ወዲህ በመስኮት፣ በመነጽር ነው የሚያዩት። ሚስታቸው በሕይወት ሳሉ «ከእኔ ይልቅ እሱን ታየዋለህ» ይሏቸው ነበር። ሐሰት አልነበረም።

የቀስት አደን ወቅት የሚዘጋበት ቀን ነበር፣ የጥር መጨረሻ። ግሌን ዛፍ ላይ በታሰረው መቀመጫ ሦስት ሰዓት ቆይቶ የእግሩን ጣቶች መኖር ሲጠራጠር፣ ቀንድ የሌለው አጋዘን ብቻውን ብቅ አለ። አንገቱ እንደ ወንድ ወፈር ያለ ነው። እንስቶች በዚህ ብርድ በመንጋ እንደሚሄዱ ግሌን ያውቃል። በጥር ወንዱም ቀንዱን እንደሚጥል ያውቃል። ያን ዕለት ግን የሚያስበው በእግሩ ነበር። «የሰባች እንስት ናት» አለ ለራሱ፤ ፍላጻውን ለቀቀው።

እንደ ደንቡ ግማሽ ሰዓት ጠብቆ ደሙን ተከተለ። አጋዘኑ ሩቅ አልሄደም። ጭንቅላቱን ሲያዞረው ግንባሩ ላይ ቀንድ የወደቀባቸው ሁለት ቁስሎች አሉ፤ በወዲያ በኩል የነበረው ጆሮ ደግሞ ግማሽ ነው።

ማንም አላየውም። ጭኖት ቢሄድ አርቪድ «ዘንድሮ ጠፋብኝ» ብለው ይተዉታል። ግሌን ይህን ሲያስብ ደህና ጊዜ ፈጀ። ከዚያ ወደ ቤታቸው ወረደ።

አርቪድ ድንች ይልጣሉ። «ቀናህ?»

«ሴት መስሎኝ ነበር።»

ቢላዋው ቆመ። «ቀንዱን ጥሎ ነበር?»

«ሁለቱንም።»

«ሰው ይሳሳታል። እኔም በጎረምሳነቴ የሰው ፍየል ወግቻለሁ።» ቢላዋውን አስቀመጡ። «አንገቱንስ አላየኸውም?»

ግሌን አላየሁም ሊል ነበር። «አይቼዋለሁ» አለ።

«ተሠቃየ?»

«አልተሠቃየም።»

«በል ጉበቱን አምጣው። ሽንኩርት አለኝ።»

መጋቢትን ሙሉ ግሌን የአጋዘኑን ቀንድ ፍለጋ ጫካውን አሰሰ። አይጥ የቆረጣጠመው አንድ ቀንድ አግኝቶ አመጣ። አርቪድ ሰቀሉት፤ አጠገቡ ሌላ ምስማር መቱ። «ሁለተኛው የት እንዳለ የሚያውቀው እሱ ነበር» አሉ።

በመስከረም ግሌን ፈቃድ ሊጠይቅ ሲመጣ እንደ ወትሮው ፈቀዱለት። ዘንድሮ የጠየቁት ነገር አልነበረም።