ከአባያው ስር ያሉት አራት ድሪያዎች

ሃፊዛ አስራ ስምንት ማዞሪያ ላይ ከሚኒባስ የወረደችው አንድ እጇን በበሩ፣ አንድ እጇን በወያላው ትከሻ ላይ አድርጋ ነው። «ቀስ ይበሉ እናት» አላት ወያላው። ቀስ ከማለት ሌላ ምን ምርጫ ነበራት? ከጥቁሩ አባያዋ ስር አራት አዳዲስ ድሪያ፣ እነዚያን ሰፋፊ ስስ ቀሚሶች፣ ደራርባለች፤ ከነሱ ስር የራሷ ቀሚስ አለ፤ ቀኑ ደግሞ የሚያዝያ ቀትር ነው። ላቡ ከማጅራቷ ተነስቶ ወገቧ ላይ ይጠራቀማል።

የሚያሳድዳት ሰው የለም። ቦርሳዋ ውስጥ ማህተም ያረፈበት ወረቀት አለ። ድሪያዎቹም በሕግ የገቡ የሴቶች ማህበሯ ዕቃዎች ናቸው። ታዲያ በሕግ የገባ ዕቃ ገላ ላይ ምን ይሠራል ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፣ ሃፊዛ ራሷም ከጠዋት ጀምሮ የምትጠይቀው ይህንኑ ነው። «አንቺ ሴትዮ፣ ምን ነካሽ?» ትላለች በሆዷ።

ሃያ ሁለት ዓመት ሞያሌ ተመላልሳለች። ያኔ ሥራው ኮንትሮባንድ ነው፤ ሌላ ስም አልነበረውም። ኬላው ከመድረሱ በፊት አውቶቡሱ ለቁርስ ሲቆም፣ ሴቱ ሁሉ ሽንት ቤት ይገባና ከስቶ የገባው ወፍሮ ይወጣል። ፈታሽ የሚበረብረው ቦርሳ ነው፤ እናት የሚያህል ሰው የለበሰውን ልብስ ማን ይገልጣል? ሁለት ጊዜ ዕቃዋ ተወርሷል፣ አንዴም ዝናብ ላይ አድራለች፤ ቢሆንም ሦስት ልጅ ያሳደገችው በዚሁ ነው። እነዚያ ልጆች ዛሬም እናታቸው የት እንደሄደች ሲጠየቁ «ዘመድ ጥየቃ» ማለት ገና አልተዉም።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ተለወጠ። ድንበሩ ላይ የሁለቱ አገር የጉምሩክ ሰዎች አንድ አዳራሽ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ለትንንሽ ነጋዴ የራሱ መስኮት ተከፈተለት። የኮልፌ ሴቶች ማህበር ከድንበሩ ማዶ ካለው የሞያሌ ሴቶች ማህበር ጋር ተዋዋለ፤ ከዚህ ጋቢና ነጠላ ሊሄድ፣ ከዚያ ድሪያ ሊመጣ። አርባ ሴቶች ተመዘገቡ። ለሙከራ አንድ ሰው ቀድሞ ይሂድ ሲባል ሁሉም ወደ ሃፊዛ ዞሩ። መንገዱን ከሷ በላይ የሚያውቀው ማን አለ? ሕጉ አንድ ነው፦ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ዕቃ በሙሉ ኮልፌ ደርሶ ይቆጠራል። ከጎደለ፣ በመንገድ ተሸጧል ተብሎ ማህበሩ ዓመቱን ሙሉ ይታገዳል። ሃፊዛ ይህን በቃሏ ታውቀዋለች።

ሞያሌ ላይ ሁሉም ነገር በአርባ ደቂቃ አለቀ። ድሮ ሁለት ቀን የምትንከራተትበት ቦታ ወንበር ሰጥተው አስቀመጧት። አስራ ስድስት ድሪያ ቆጠሩ፣ መዘገቡ፣ ማህተም መቱ፤ «ጨርሰዋል እናት» አሏት። «በቃ?» አለች። «በቃ» አሏት። ደስ ሊላት ሲገባ ማህተሙን ደጋግማ ታገላብጥ ጀመር። አውቶቡሱ መንገድ ላይ ባደረበት ከተማ፣ ሌሊቱን ቤርጎ ውስጥ ስትገላበጥ አደረች።

በማግስቱ አውቶቡሱ ለቁርስ ሲቆም ሃፊዛ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ሻይ ልትጠጣ ነበር የወረደችው። ወረቀቱ ቦርሳዋ ውስጥ እንዳለ ታውቃለች፤ እግሯ ግን አያውቅም፤ ይዟት ሽንት ቤት ገባ። ሁልጊዜ የምትለብሰው አራት ነው፤ አራት ለበሰች። ስትወጣ ረሻድ፣ ቦርሳዋን ሲጭንላትና ሲያወርድላት የመጣው የአውቶቡሱ ረዳት፣ «ምነው እናት፣ አመመዎት እንዴ? ላብ በላብ ሆነዋል» ብሎ ውሃ ገዛላት፤ ከኋላ አንስቶም ፊት ወንበር ላይ አስቀመጣት።

ኬላው ላይ ያጋጠመቻት ፈታሽ ልጇ የምትሆን፣ ሰው አክባሪ ልጅ ነበረች። ድሪያዎቹን አንድ በአንድ ቆጥራ «እናት፣ ወረቀቱ አስራ ስድስት ይላል፤ እዚህ ያለው አስራ ሁለት ነው» አለች። ብትጮህባት ኖሮ ሃፊዛ ታውቅበታለች፤ ትለምናለች፣ ታለቅሳለች፣ ትረግማለች። ልጅቷ ግን ፈገግ ብላ ትጠብቃለች። ሃፊዛን እፍረት አፏን ያዛት። «እኔ እንጃ» አለች። ልጅቷም ወረቀቱ ላይ «አራት ጎድሏል» ብላ ጻፈችና «ማህበራችሁ ያስረዳ» ብላ መለሰችላት።

የማህበሩ ቢሮ ከአንድ ልብስ ሰፊ ቤት ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ሦስት ሰዎች ይጠብቋት ነበር። ሊቀመንበሯ ዘነበወርቅ፣ ከከምባታ ኮረዳ ሆና መጥታ ኮልፌ ያረጀች፣ የሃፊዛ የሞያሌ ጓደኛ ናት። ሀያቱም በዚያው የኮንትሮባንድ መንገድ ያረጀች ናት፤ ቀጣዩ ጉዞ የሷ ነው፤ ከረጢቷን እንኳ አዘጋጅታለች። የመዝገቡ ኃላፊ ሰልሳቢል ናት፤ የሃያ አራት ዓመት ልጅ፣ ኮሌጅ የጨረሰች፣ ከዝዋይ አልፋ የማታውቅ።

ሰልሳቢል ወረቀቱን አነበበች። ደግማ አነበበች። «እማ ሃፊዛ፣ አራት ጎድሏል ይላል።»

ሀያቱ ደረቷን ያዘች። «አለቀልን በይኛ።»

«ቆይ አንዴ» አለች ሰልሳቢል፤ አእምሮዋ ፈጣን ነው። «ቦርሳውን ከእርስዎ ሌላ ማን ነካው?»

«ረሻድ ነው ሲጭን ሲያወርድ የነበረው» አለች ሃፊዛ። ይሄ እውነት ነው።

«ረሻድ የአውቶቡሱ ረዳት ነው? በቃ፣ እሱ ነዋ የወሰደው። ለፖሊስ እናመልክት። ተሰርቆብናል የሚል ማስረጃ ከያዝን ማህበሩን አያግዱትም። እርስዎ ብቻ ይፈርሙ፤ እኔ አሁኑኑ እጽፈዋለሁ።» እስክሪብቶዋን አንስታ ጀመረች።

ሃፊዛ ደክሟታል። ድካሙ የመንገዱ ብቻ አይደለም፤ የሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። አንድ ፊርማ ነው የሚያስፈልገው፤ ከዚያ አርባ ሴት ይድናል፣ እሷም ቤቷ ሄዳ ይሄን ጨርቅ ከላይዋ ላይ ገፍፋ ትተኛለች። ዋሽታ አታውቅም አይባልም፤ ለፈታሽ ስትዋሽ ነው የኖረችው። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ውሸት የሰው እንጀራ ዘግታ አታውቅም። ያ ልጅ ደግሞ ከኪሱ ውሃ ገዝቶ አጠጥቷታል።

«ዘነበወርቅ» አለች፣ «በሩን ዝጊልኝ።»

ዘነበወርቅ ተነስታ ዘጋች። ሃፊዛ የአባያዋን ቁልፎች መፍታት ጀመረች። አባያው ሲወድቅ ሰልሳቢል አልገባትም። ዘነበወርቅ ግን የላይኛውን ብርቱካንማ ድሪያ እንዳየች ገባት፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ «ውይ የኔ እናት» አለች በዝግታ። ከዚያ መጥታ የድሪያውን ጫፍ ያዘች፤ «እጅሽን አንሺ» ብላ በራሷ ላይ አወለቀችላት። ጨርቁ በላብ ገላዋ ላይ ተጣብቋል። ሁለተኛውን አወለቀች፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን። እያንዳንዱን እያጠፈች ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። ሀያቱ ልትስቅ ጀምራ ሳቁ አልወጣላትም፤ አይኗን በነጠላዋ ጠረገች።

«ማህተም ያለው ወረቀት ይዘው?» አለች ሰልሳቢል። «እኔ ምንም አልገባኝም። ማንን ፈርተው ነው?»

«እንጃ ልጄ። በጣም ቀለለብኝ። እንዲህ በቀላሉ የሚያሳልፉኝ አንድ ተንኮል ቢያስቡብኝ ነው ብዬ፣ እነዚህን አራቱን እንኳ ላትርፍ አልኩ።» ይህን ስትል እንባዋ መጣ፤ አልከለከለችውም።

ሰልሳቢል የጀመረችውን ማመልከቻ ቀደደች። ስልክ አንስታ ጉዳዩ ወደሚመለከተው ቢሮ ደወለችና፣ ነገሩን እንዳለ፣ ከነድሪያው አለባበስ ነገረቻቸው። ወዲያ ማዶ ያለው ሰውዬ ደግማ እንድትነግረው ጠየቃት። በመጨረሻም፣ ዕቃው ካልጎደለ ማህበሩ እንደማይታገድ፣ ነገ አስራ ስድስቱንም ይዘው እንዲቀርቡ ነገራት። ወረቀቱን ይዛ የተሻገረችው ሴት ግን ከእንግዲህ በማህበሩ ፈቃድ አትሻገርም አለ።

ሰልሳቢል ማህበሩ መትረፉን ነግራቸው፣ የቀረውን ሳትናገር መዝገቡን ገለጠች። ሃፊዛ ከፊቷ አነበበችው። «ሰርዢው ስሜን» አለቻት፤ «ነውር የለውም። ደክሞኛልም።» እውነቷን ነው ደክሟታል። ቢሆንም እስክሪብቶው ስሟ ላይ ሲሄድ ማየት አልቻለችም፤ አይኗን መሬት ላይ ተከለች።

«እንግዲህ ሀያቱ፣ ማክሰኞ ያንቺ ተራ ነው» አለች ዘነበወርቅ።

ሀያቱ ጠረጴዛው ላይ የተጣጠፉትን ድሪያዎች እያየች ቆየች። ከዚያ «እኔም እለብሰዋለሁ» አለች። «ቁርስ ላይ ሲቆም እግሬ ወዴት እንደሚሄድ አውቀዋለሁ። አንቺም ሊቀመንበር ብትሆኚ ትለብሽዋለሽ።»

ዘነበወርቅ አልካደችም። ሦስቱ አሮጊቶች እርስ በርስ ተያዩና ወደ ልጅቷ ዞሩ።

«እኔ?» አለች ሰልሳቢል። «እኔ እኮ ሞያሌ የት እንዳለ እንኳ በካርታ ነው የማውቀው።»

«ለዚህ እኮ ነው» አለች ሃፊዛ። «ሲጠሩሽ ሂጂ፣ ሲቆጥሩ ቁሚ፣ በቃ ሲሉሽ እሺ በይ። እኛ ያቃተን እሺ ማለቷ ብቻ ናት።»

በባዶ ቦርሳ ወጣች። ከቀሚሷ በላይ አባያዋ ብቻ ነው ያለው፤ ነፋሱ ከስር እየገባ ያቀዘቅዛታል፤ ሰውነቷ የሷ አልመስል አላት። ማዞሪያው ጋ ስትደርስ ትራፊክ ፖሊሱ አንድ ሚኒባስ ላይ ፊሽካውን ነፋ። ሃፊዛ ክው ብላ ቆመች፤ ሁለት እጇ ሮጦ ሆዷ ላይ አረፈና አባያዋን ጭምቅ አድርጎ ያዘ። ስሩ ምንም አልነበረም። ሚኒባሱ ሄደ፣ ፖሊሱም ፊቱን አዞረ፤ እሷ ግን እጇን ለማንሳት ጊዜ ወሰደባት።